ፖስተር ደረሰኝ፤ ምን ላድርግ?

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ትንሽ ጊዜ ሆነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ የእርግዝና ክትትል ጀምረው መሀል ላይ ስለሚያቋርጡ እናቶች ነው። አምና ለአንድ ጉባኤ አብስትራክት (የጥናቴን አጭር መግለጫ) ልኬ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ወደቀ። ዘንድሮ አስተካክዬ አገር ውስጥ ለሚካሄድ የሙያ ማኅበር ጉባኤ ስልክ አለፈ፤ ግን የደረሰኝ መድረክ ላይ መናገር ሳይሆን ፖስተር ነው፤ ሥራዬን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ አጠገቡ መቆም። ባልደረቦቼ ‹ፖስተር ለወደቀ ሰው የሚሰጥ ማጽናኛ ነው› እያሉ ሞራሌን ነኩት። ፖስተር ሠርቼ አላውቅም። ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) 74 ገጽ ነው፤ የቱን አስገብቼ የቱን ልተው? የመምሪያ ኃላፊያችንም ስማቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ አውሮፓ ውስጥ በሚደረግ ጉባኤ ‹የክብር ተናጋሪ› እንድሆን የሚጋብዝ ኢሜይል መጥቶልኛል፤ የምዝገባውን ገንዘብ ቶሎ ላኪ ይላል። የእኛው ጉባኤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የአምናውንና የዘንድሮውን አብስትራክት፣ ቴሲሴንና ኢሜይሉን አያይዣለሁ። — ግራ የገባት አዋላጅ»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ለአውሮፓው ጥሪ አምስት ሳንቲም እንዳትልኪ። ኢሜይሉን አነበብኩት። «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይልሻል። ነርሲንግን፣ ናኖቴክኖሎጂንና የጥርስ ሕክምናን በሁለት ቀን አንድ ላይ ያስተናግዳል። አብስትራክት በላክሽ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ እንሰጥሻለን ይላል። ሥራሽን ማንም ሳያነበው የሚቀበልሽ ሰው የፈለገው ሌላ ነገር ነው። እውነተኛ ጉባኤ ከጀርባው የሚታወቅ ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ያለፉት ዓመታት የአብስትራክት መድበል አለው፣ ካስተማሩሽ ሰዎች ቢያንስ አንዱ እዚያ ሄዶ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ጥሪ የወራት ደመወዙን ከፍሎ የሄደ የሥራ ጓደኛ አለኝ። ደርሶ ያገኘው አንዲት የሆቴል ክፍልና እንደሱ ግራ የተጋቡ አሥራ ምናምን ሰዎች ናቸው።

ወደ ፖስተሩ። ባልደረቦችሽን ተያቸው። የወደቀ ሰው ምንም አይሰጠውም፤ አምና አይተሽዋል። ፖስተር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓና በአሜሪካ የባዮኬሚስቶች ስብሰባ ላይ ብቅ ያለው የሚቀርበው ሥራ ከአዳራሹና ከሰዓቱ በላይ ስለሆነ ነው። ዛሬ እንደ አሜሪካ የትሮፒካል ሕክምናና ሃይጂን ማኅበር ባሉ ትልልቅ ጉባኤዎች አብዛኛው ሥራ የሚታየው በፖስተር ነው። ለአንቺ ዓይነቱ ሥራማ እኔ ፖስተሩን እመርጣለሁ። መድረክ ላይ አሥር ደቂቃ ትናገሪያለሽ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያሳይሻል፣ ሁለት ሰው ይጠይቅሻል፣ አለቀ። ፖስተር አጠገብ ግን አንድ ሰዓት ትቆሚያለሽ፤ የክልል ጤና ቢሮ የእናቶች ጤና ባለሙያ ፊትሽ ቆሞ «ይሄ እኛም ጋ አለ» ሊልሽ ይችላል።

አምና ለምን እንደወደቅሽ ማንም አልነገረሽም። አብስትራክቱን ካነበብኩ በኋላ ግን የምገምተው አለኝ።

ርዕስሽ እንዲህ ይላል፦ «በከተማ አስተዳደሩ በሚገኙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ እናቶች ዘንድ የክትትል ማቋረጥ መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ 2015 ዓ.ም.»። ትንፋሽ አጠረኝ። «መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች» የአገራችን የጤና ቴሲስ የጋራ መጠሪያ እየሆነ ነው። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ ትምህርት ክፍሉ የሰጠሽ ቅጽ ነው። ገምጋሚው ግን ከእራት በኋላ ተቀምጦ አርባኛውን አብስትራክት ነው የሚያነበው፤ ከርዕስሽ ምን እንዳገኘሽ አልነገርሽውም።

መነሻውም ልክ እንደ ታክሲ በየፌርማታው ይቆማል። በዓለም ደረጃ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች፣ በኢትዮጵያ፣ በክልላችን እያለ ግማሹን ቦታ ጨረሰ። የተፈቀደልሽ 250 ቃል ነው! ገምጋሚው ሙያተኛ ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሴት የምትታይበትን ጊዜ ከአራት ወደ ስምንት ከፍ አድርጓል፤ በአካባቢያችን ግን ክትትል የጀመሩ እናቶች የት ላይና ለምን እንደሚቀሩ አይታወቅም። በቃ። የተረፈው ቦታ የውጤት ነው።

የጣለሽ ግን የውጤቱ ክፍል ይመስለኛል። «ዝርዝር ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይቀርባል» ብለሽ ነው የዘጋሽው። እኔ ገምጋሚ ሆኜ ስሠራ እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። ውጤት የሌለው አብስትራክት ቃል የሚገባ ሰው ነው፤ ሌሎች ሠላሳ ሰዎች ደግሞ ውጤታቸውን ይዘው መጥተዋል። የዘንድሮው ያለፈው ቁጥር ስላስገባሽበት ነው፤ ያም ሆኖ አጻጻፉ ይቀረዋል። «አብዛኞቹ እናቶች» አይባልም። የቁጥር አጻጻፍ ላሳይሽ፤ አኃዙ የፈጠራ ነው፦ «ክትትል ከጀመሩ 400 እናቶች 120ዎቹ (30 በመቶ፤ በ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ25.5 እስከ 34.5) አቋርጠዋል።» በአንድ መስመር ስንት እናት እንደጠየቅሽ፣ ስንቶቹ እንዳቋረጡና ግምትሽ ምን ያህል ሊወላገድ እንደሚችል ተናገርሽ። ሌላው፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም «0.000» ብሎ የሰጠሽን ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱን ዕድል) እንዳለ ገልብጠሽዋል። ዜሮ የሆነ ፒ ቫልዩ የለም፤ ፕሮግራሙ ሦስት አሃዝ ብቻ አሳይቶሽ ነው። «ከ0.001 በታች» ተብሎ ይጻፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ቁጥሩን የምታውቂውን ከምትገለብጪው የምትለይ ምልክት ናት።

አሁን ወደ ገጽ 41። እዚያ በመጨረሻው ሠንጠረዥ፣ ከላይ በሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ቴሲስሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ተደብቋል። በመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ሳይሠራላቸው «ሌላ ቀን ተመለሺ» የተባሉ እናቶች ከሌሎቹ ይልቅ አቋርጠዋል። አንቺ ግን ስለሱ ግማሽ መስመር ጽፈሽ ስታበቂ «ለእናቶች ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» ብለሽ ደመደምሽ። ምን ያለ ግንዛቤ ነው? እናቲቱ አንድ ጊዜ ሥራዋን ትታ፣ ትራንስፖርት ከፍላ መጥታለች፤ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) የለም ብለን የመለስናት እኛ ነን። ጥናትሽ የሚለውና መደምደሚያሽ የሚለው አይገናኙም። ሃሳብሽ ይሄ ይሁን፤ አብስትራክቱም ፖስተሩም፣ ሰው ሲጠይቅሽ የምትመልሺውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ጥናትሽ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የተሠራ ክሮስ ሴክሽናል ስለሆነ «ላብራቶሪ ባለመሠራቱ አቋረጡ» ማለት አትችዪም፤ «ተያይዞ ተገኝቷል» በዪ። ከሩቅ የሚመጡት ናቸው አርፍደው ደርሰው ላብራቶሪ የሚዘጋባቸው የሚል ሰው ቢመጣ ርቀትን በትንተናው ውስጥ አስገብተሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል፤ መልሱን ከአሁኑ አዘጋጂ።

የሚቀጥለውን ዓመት ደግሞ እያሰብሽ ከሆነ፦ አገር ውስጥ ያቀረብሽውን ሥራ ውጭ ለሚደረግ ጉባኤ መላክ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ ግን ይከለክላል፤ የጥሪውን ደንብ አንብቢ። በአብስትራክት መድበል መውጣቱም ሆነ በፖስተር መታየቱ ኋላ ሙሉውን ጽሑፍ በመጽሔት ከማሳተም አብዛኛውን ጊዜ አያግድሽም። ደግሞ ሰዓቱን ተጠንቀቂ! አንዲት ተማሪዬ በግሪንዊች አቆጣጠር «12:00» የሚለውን የምሽቱ 12 ሰዓት አድርጋ ቆጥራው ነበር፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ዘግይታ ስትከፍተው ገጹ ተዘግቷል።

አሁን ፖስተሩን እንሥራው።

ፓወርፖይንት ከመክፈትሽ በፊት የተቀባይነት ደብዳቤውን ክፈቺ። ሁለት ነገር ፈልጊ፤ የሰሌዳው መጠንና ቁመቱ ወደላይ ነው ወይስ ወደጎን። የመጀመሪያ ፖስተሬን ይህን ሳላይ በወርድ አሠርቼ ሄድኩ። ሰሌዳው ቁመታም ነበር። በግራና በቀኝ ተርፎ የጎረቤቶቼን ሥራ ሸፈነ፤ በመጨረሻ ሁለቱን ጎኖች ወደኋላ አጥፌ ሰቀልኩት። የታጠፈው ጎን ላይ የነበረው ደግሞ መደምደሚያዬ ነበር። ደብዳቤው የማይናገር ከሆነ ለአዘጋጆቹ ጻፊላቸው፤ አይታዘቡሽም።

መጠኑ ኤ0 ከሆነ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ፓወርፖይንት ላይ የስላይዱን መጠን አንድም ፊደል ከመጻፍሽ በፊት እዚህ ላይ አድርጊው፤ ጨርሰሽ ስትቀይሪው ሁሉም ነገር ይንጋደዳል። የፊደሉን ልክ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በኤ4 ወረቀት ማተም ነው። ኤ0 ወደ ኤ4 ሲወርድ በየጎኑ አራት እጥፍ ያንሳል፤ ስለዚህ በፖስተሩ ላይ 32 ነጥብ የሆነ ፊደል በኤ4 ላይ 8 ነጥብ ይሆናል። የታተመውን ኤ4 እጅሽን ዘርግተሽ ያዢው። ማንበብ ካቃተሽ ፖስተሩ ፊት የሚቆመውም ሰው ያቅተዋል።

ከ74 ገጽ ምን ይውጣ? የናሙና መጠን ማስያ ቀመሩ ይውጣ። እሱን ፖስተር ላይ የማይለጥፍ ተመራቂ አላየሁም፤ ቆሞ ያነበበው ሰውም አላየሁም። ሳጥንና ቀስት ያለበት ንድፈ ሃሳባዊ ማዕቀፉ ይውጣ። ዝርዝር ዓላማዎቹ፣ የቃላት ብያኔው፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳው ይውጡ። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የባል የሥራ ዓይነት የተደረደሩበት ግማሽ ገጽ የሚያህል ሠንጠረዥ ወደ ሁለት መስመር ይውረድ። ከኤስፒኤስኤስ ፎቶ አንስተሽ የለጠፍሽው ሠንጠረዥ በተለይ፣ እባክሽን፣ ይውጣ።

የሚቀረው፦ ከሩቅ የሚነበብ ርዕስ፣ እናቶቹን የትና እንዴት እንዳገኘሻቸው የሚናገሩ ጥቂት መስመሮች፣ አንድ ትልቅ ሥዕላዊ ማሳያ፣ ሁለት ሦስት ቁጥር፣ የጥናቱ ድክመት፣ እና ምን ይደረግ የምትዪው። ርዕሱን ግኝትሽ አድርጊው፦ «በመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ሳይሠራላቸው የተመለሱ እናቶች የእርግዝና ክትትል ይበልጥ ያቋርጣሉ»። በአብስትራክት መድበሉ ላይ የወጣው ርዕስ አይቀየርም ካሉሽ የፊተኛውን አነስ አድርገሽ ከላይ ጻፊና ይሄን በትልቁ መሀል አስቀምጪው። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የሚባል የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ በዩቲዩብ በለቀቀው ቪዲዮ እንዲህ ያለ ፖስተር አስፋፍቶ ነበር፤ ግኝቱ በተራ ቋንቋ መሀል ላይ በትልቁ፣ ዝርዝሩ በጠርዝ፣ ሙሉ ጽሑፉ በኪውአር ኮድ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። እኛ ጋ ኔትወርኩ ሲሄድ ኪውአር ኮዱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ዋናውን ማሳያ ገጹ ላይ ማኖሩ ይሻላል። ግኝቱን መሀል ላይ የማድረጉ ነገር ግን ትክክል ነው።

ማሳያሽ ሁለት ዓምድ ይብቃው፤ ላብራቶሪ የተሠራላቸውና ያልተሠራላቸው፣ ከየቡድኑ ስንት በመቶ እንዳቋረጠ። ቁጥሩን ዓምዱ ላይ ጻፊው። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን አታድርጊ፤ ሁለቱን መለየት የማይችሉ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻላል። ጀርባው ነጭ ይሁን። የሕክምና ፖስተር ላይ ጀርባውን በነፍሰ ጡር ፎቶ ሞልተው ጽሑፉን በላዩ የሚጽፉ አሉ፤ ሁለቱም አይታዩም። ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ በስልክሽ ያነሳሻቸውን እናቶች ለመጠቀም የእነሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ያገኘሽው ደብዳቤ መጠይቁን እንጂ ፊታቸውን አይሸፍንም።

አንዲት እናት የተናገረችውን በአማርኛ እንደወረደ ብታስገቢ ፖስተሩ ነፍስ ይዘራል፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙን ከሥሩ አነስ አድርገሽ። ግን እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ፋይሉን በፓወርፖይንት እንዳለ ለማተሚያ ቤቱ ከሰጠሽው እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያንቺ የግዕዝ ፊደል ላይኖር ይችላል። የእናቲቱ ቃል በባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ታትሞ አይቻለሁ፤ ባለቤትየዋ ያወቀችው አዳራሹ ውስጥ ስትዘረጋው ነው። ፒዲኤፍ አድርገሽ አውጪው፣ ፒዲኤፉን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ከፍተሽ እዪው። ባነር የሚያትሙት ልጆች በካሬ ሜትር ነው የሚያስከፍሉሽ፤ ወርድና ቁመቱን በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸውና «ቦታ ለመሙላት እንዳትስቡት» በያቸው። ሲሳብ ፊደሉ ይወፍራል፣ አርማውም እንቁላል ይሆናል። የሚያብረቀርቀውን ትተሽ ብርሃን የማይመልሰውን ምረጪ። እንዳይታጠፍ በቱቦ ጠቅልለሽ ያዢው። ለዚህ ሁሉ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቂ፤ ማተሚያ ቤት መብራት ይሄዳል።

የኃላፊሽ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ይሉኝታ ስላለበት። የሕክምና መጽሔቶች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጸሐፊነት መስፈርት አራት ነው፤ በሥራው ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ እና ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም ባንድነት ነው የሚፈለጉት። እንደ ኃላፊ ደብዳቤ መፈረም ከአራቱ አንዱም አይደለም። ግን በሩን አትዝጊባቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎን አስተያየት እፈልጋለሁ፤ ውጤቱን አብረን ብናየውና ለሙሉው ጽሑፍ ረቂቁን ቢያርሙልኝ» ብለሽ ቴሲሱን አስረክቢያቸው። ከሠሩበት ወደፊት በመጽሔቱ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ቢገባ ይገባቸዋል። ካልሠሩበት ከፖስተሩ ግርጌ በምስጋናው ላይ ስማቸውንና ጤና ጣቢያውን ጥሪ። ለዘንድሮው ደግሞ እውነተኛ ምክንያት አለሽ፤ ብዙ ጉባኤዎች የጸሐፊዎችን ዝርዝር አብስትራክቱ ከገባ በኋላ አይከፍቱም። አዘጋጆቹን ጠይቀሽ ዝግ ነው ካሉሽ መልሳቸውን ለኃላፊሽ አሳዪያቸው።

ስለራስሽ ስምም አንድ ነገር። የአምናው ላይ አባትሽን በአንድ ፊደል አሳጥረሽ፣ የዘንድሮው ላይ አያትሽን ጨምረሽ ነው የጻፍሽው፤ የእንግሊዝኛ ፊደሉም ተለያይቷል። ሁለት ሰው መስለሻል። ፓስፖርት ላይ ያለውን ወይም የሚወጣውን አጻጻፍ ያዢና አትልቀቂው። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጪ፤ በነፃ ነው፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ለሚያስቡ ፈረንጆችም ያገለግላል።

በቀኑ ከፖስተርሽ አጠገብ አትጥፊ። ከጓደኛ ጋር ሻይ ልጠጣ ብለው ፖስተራቸውን ብቻውን ትተው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ሰው ሲቀርብ ማብራራት አትጀምሪ፤ መጀመሪያ «የት ነው የሚሠሩት?» በይ። ላብራቶሪ ባለሙያ ከሆነ ስለ ሪኤጀንት ያወራሻል፤ ከቢሮ ከሆነ ስለ በጀት። ከዚያ በሁለት ደቂቃ ንገሪያቸው፣ በአማርኛ። ፖስተሩን ፊታቸው ቆመሽ እንዳታነቢላቸው፤ ማንበብ እነሱም ይችላሉ። ያላወቅሽውን ሲጠይቁሽ «አልለካሁትም» በይና ማስታወሻ ላይ ጻፊው። የፖስተሩን ኤ4 ቅጂ ሃያ ያህል ያዢ፣ ስልክሽና ኢሜይልሽ ከጀርባው ይኑር።

መርፌና ማጣበቂያውንም ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። ይሰጣል ይላሉ፤ አርፍደሽ ከደረስሽ አልቆ ታገኚዋለሽ።